ጀልባ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ 52,000 ብር ግን የለም

ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ አንድ ጎረቤቴ ከጣና ሐይቅ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ። ጀልባ ነጂ ነው። ላይፍ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ከጃኬቱ ሥር ሰማያዊ ፌስታል አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ሁለት እሽግ ብር ነበር፤ ሁለቱም በላስቲክ የታሰሩ። ብሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ጋሼ፣ ይቺ 4,000 ናት፤ ነገ ለአራጣው የምትሄድ። ይቺ 10,000 ደግሞ የጥምቀት ናት። በእሷ የቴሌን አክሲዮን ልገዛ ነው፤ ሽያጩ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል። እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፣ ምን ይሉኛል?»

እኔ ለብዙ ዓመታት በቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ሠርቻለሁ። ብዙ ደብተር አይቻለሁ። ይህ ቤተሰብ ግን ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም አባካኝ አይደለም፣ ሰነፍ አይደለም፣ መቆጠብም ያውቃል። ባልና ሚስቱ ጉዳያቸው እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ እሱን ጀልባ ነጂው፣ እሷን መምህሯ እላቸዋለሁ።

ቤተሰቡ አምስት ነፍስ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል በ5,000 ብር ተከራይተው ይኖራሉ። መምህሯ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ተቆራርጦ እጇ የሚገባው 7,200 ብር ነው። እሱ እንግዳና ምእመናን ወደ ዘጌ፣ ወደ ደብረ ማርያም፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ያደርሳል። ጀልባዋ የራሱ ናት። ከኮሮና ወዲህ የሐይቁ ሥራ እንደ ድሮው አልሆነም። 2012 ላይ ቱሪስት ጠፋ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ሁሉም ያውቀዋል። አሁን የሚይዙት የሀገር ውስጥ መንገደኞችና የበዓል ሰዎች ናቸው።

ንብረታቸውን ስንቆጥር ድሃ አይመስሉም። ጀልባዋ ከነሞተሯ አለች። የቤት ማኅበር ውስጥ በዝግ ሒሳብ 120,000 ብር አለ። በወር 3,000 ብር የሚጣል፣ 24 አባላት ያሉት ዕቁብ አለ፤ ሲወጣ 72,000 ብር ነው። ይህን ሁሉ ያጠራቀሙት በላባቸው ነው።

ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ ዘጌ ያሉት እናቱ ታመሙ። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ረዘመ፣ እናት በሕመም ይጮኻሉ፣ ልጅ ይህን ቆሞ ማየት አልቻለም። ወደ ግል ሄዱ። ከነመድኃኒቱ 52,000 ብር ተጠየቁ። ባንክ ያላቸው 2,300 ብር ነበር። ዘመድ አዝማድ 9,700 አዋጣ። የቀረውን 40,000 ብር ከአንድ ሰው በወር 10 በመቶ ወለድ ተበደሩ። ኅዳር 1 ቀን ነበር።

እናት ዳኑ። ይህ ትልቁ ነገር ነው፤ ማንም «ለምን ተበደራችሁ» ሊላቸው አይገባም። ግን ብድሩ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በየወሩ መጀመሪያ 4,000 ብር ይወጣል፣ ዋናው 40,000 ግን አይነካም። በዚህ አኳኋን በ10 ወር ሌላ 40,000 ከፍለው አሁንም 40,000 ዕዳ ይኖርባቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል የሚታሰብ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እነሱ በዓመት 120 በመቶ እየከፈሉ ነበር። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ግን የተጨነቀ ሰው ሕግ አያማክርም፤ ያገኘውን እጅ ይይዛል።

ወደ አክሲዮኑ ልመለስ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር ይሸጥ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነው፤ 9,900 ብር። ሽያጩ የካቲት 7 ይዘጋል። ጀልባ ነጂው ልቡ ተነሥቷል። ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ ጥር 2 ቀን ደግሞ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ የሰነድ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። «እኛም እኮ የአገራችን ባለድርሻ እንሁን» አለኝ። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ።

ወረቀት አወጣሁና እንዲህ አልኩት። ይህን 10,000 አክሲዮን ብትገዛበት፣ ትርፍ የሚገኘው ድርጅቱ አትርፎ ሲያከፋፍል ወይ አክሲዮኑ ተወዶ ሲሸጥ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሆን ዛሬ ማንም አያውቅም። ይህንኑ 10,000 ለአራጣው ዋናው ላይ ብትከፍል ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 1,000 ብር ወለድ ይቀርልሃል። በወር 1,000። ምንም ጥርጥር የለውም። በዚህ አገር በ10,000 ብር በየወሩ 1,000 ብር በእርግጠኝነት የሚያስገኝ አክሲዮን አላውቅም።

ዝም አለ። ሁለቱን እሽግ አንድ ላይ አሰራቸው። በማግስቱ 14,000 ይዞ ሄደ። አበዳሪው ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ተቀበለ። ዋናው 30,000 ሆነ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁለት። ለ30 ቀን የገባውንና የወጣውን ሁሉ ጻፍ አልኩት፤ እሷም የቤቱን እንድትጽፍ። ደብተሩን ሲመልሰው ዳር ዳሩ ውሃ ነክቶት አብጦ ነበር። ጽሑፉ የሚያሳዝንም የሚያስደስትም ነው። «ቤንዚን 700። ሻይ 30። ለረዳት 200። ንፋስ ስለነበረ አልወጣሁም። ሰው ሰጠሁ 100።» የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሞልቷል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለንግሥ የሄደውን ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ሲያመላልስ ነው የዋለው።

በዚያ ወር 21 ቀን ወጥቶ 34,600 ብር ሰበሰበ። ሲጠየቅ «34 ሺህ አገባለሁ» የሚለው ይህን ነው። ከዚህ ላይ ቤንዚንና ዘይት 15,200፣ ረዳት 4,200፣ የማኅበርና የወደብ 2,100 ወጣ። የቀረው 13,100 ነው። ለቤተሰቡ የሚገባው ይሄ ነው። በሐይቁ ዳር የማውቃቸው ብዙ ሰዎች፣ ባጃጅ ነጂዎችም አሳ ነጋዴዎችም፣ ሽያጭን ገቢ ነው ብለው ይኖራሉ። ማታ ኪስ ውስጥ ያለው ብር የነገውን ቤንዚን ጨምሮ ስለሆነ ያታልላል። ደግሞም የካቲት የበዓል ወር ነው። ሐምሌ እንዲህ አይሆንም።

የሁለቱ ገቢ አንድ ላይ 20,300 ሆነ። ወጪያቸውን መምህሯ በጥንቃቄ ጽፋዋለች፦ ኪራይ 5,000፣ ምግብ 8,000፣ ዕቁብ 3,000፣ የልጆች ትምህርት 1,200፣ ትራንስፖርትና ስልክ 1,100፣ ዕድርና ማኅበር 300፣ ሰው የሰጡት 1,300፣ የካቲት 1 ለአራጣው የተከፈለው ወለድ 4,000። ድምሩ 23,900። በወር 3,600 ብር ይጎድላል። ጉድለቱ የሚሞላው ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ነው፤ ዱቤውም 6,000 ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ መምህሯ እርሳሷን አንሥታ 4,000ውን ሰረዘችው። እንደገና ደመረች። 19,900። ቀና ብላ አየችን። ለካ ቤታቸው አልጎደለም። ያ አንድ መስመር ባይኖር በወር 400 ብር ይተርፋቸዋል። ለወራት «የት ነው የምናባክነው» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ፣ እሱ የእሷን ስልክ፣ እሷ የእሱን ሻይ ስትቆጥር፣ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነበር። ያን ማታ ሁለቱም የተነፈሱትን አልረሳውም።

ታዲያ ኅዳር ላይ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ለወቀሳ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጊዜ።

የቤት ማኅበሩ 120,000 ዝግ ነው፤ ለቤት የተቀመጠ ነውና አይነካም። ጀልባዋን መሸጥ? አንድ ሰው ጠይቋቸው ነበር፣ በግማሽ ዋጋ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ። የጀልባ ዋጋ የሚወድቀው ቱሪስት ሲጠፋ ነው። ጀልባ ነጂው ገንዘብ የሚቸግረውም ቱሪስት ሲጠፋ ነው። እንጀራውም ሀብቱም አንድ ንፋስ ነው የሚመታቸው። ስለዚህ ጀልባ ጥሩ የሥራ ዕቃ ነው፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ግን ሊሆን አይችልም።

የቀረው ዕቁቡ ነው። ዕቁቡ ሚያዝያ 2016 ነው የተጀመረው። ኅዳር ላይ መምህሯ 24,000 ጥላለች፣ ዕጣዋ ግን አልወጣም። «ለምን ዳኛዋን አልጠየቅሽም?» አልኳት።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ ጋሼ። ተራዬ ሳይደርስ እጄን ስዘረጋ!»

ይሉኝታ ነው። አልፈርድባትም። ግን ይህ ይሉኝታ በሒሳብ ሲቀመጥ፣ እስከ መጨረሻው 15,000 ብር አስወጥቷል። ዕቁብ ስንቶቻችንን ያሳደገ ነገር ነው፤ ስለ አሠራሩ ግን ብዙ አናስብም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሟል፤ ኑሮ በየወሩ በሚወደድበት ጊዜ ያው 72,000 የሚገዛው ነገር እያነሰ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዕቁብ ጥቅሙ ግማሹ ያለው መቼ ትወስዳለህ የሚለው ላይ ነው። የታመመ፣ ልጅ የሚድር፣ ሐዘን የደረሰበት ቅድሚያ የሚያገኝበት ልማድ ደግሞ በብዙ ዕቁብ አለ። ተራ መለዋወጥም አለ። መጠየቅ ብቻ ነው።

መጋቢት መጀመሪያ እሑድ መምህሯ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ከሚሰበሰበው ዕቁባቸው ሄደች። ዳኛዋ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ነገሩን ስትነግራቸው ተቆጡ። «አራጣ ቤት ሄደሽ ነው ወደ እኛ ሳትመጪ? ዕቁብ የሚጣለው ለዚህ አይደል እንዴ ልጄ!» በዚያ ቀን ዕጣው ለአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ወጣ። ሴትዮዋ የቸኮለ ነገር የለኝም ብላ ተራዋን ለቀቀችላት። ሁለት ዋስ ጠርታ፣ ፈርማ፣ 72,000 ብሩን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ገና 12 ወር መጣል አለባት፤ ይህ ዕዳ ነው፣ ስጦታ አይደለም። ወለድ የሌለው ዕዳ መሆኑ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ብሩን እንዲህ አደረጉት። ለአራጣው ዋናውን 30,000 ከነ3,000 ወለዱ ከፍለው ወረቀቱን ፊታቸው አስቀደዱ። ለሱቁ 6,000። ለሞተሩ ጥገና 7,000። ቀሪው 26,000 ባንክ ገባ።

ሞተሩ ላይ ትንሽ ተከራክረን ነበር። እሱ ትልቅ ሞተር መግዣ ቀብድ ይሁን አለ። ከ13,100ው ላይ ለሞተሩ እርጅና ምንም አይቀነስም ነበርና ፍላጎቱ ይገባኛል። ሞተር በየቀኑ ያልቃል፤ የሚያልቀውን ያህል በየወሩ ካልተቀመጠለት አንድ ቀን ሙሉውን ይጠይቃል። አሁን ለጀልባዋ የራሷ የቴሌብር ሒሳብ አላት። በየወሩ 1,500 ለሞተር ለማስቀመጥ ነው ያሰቡት፤ በደህና ወር ይሆናል፣ በክፉ ወር ይዘለላል።

የባንኩ 26,000 ግን ትልቁ ክርክር ነበር። ጀልባ ነጂው የተናገረው ሞኝነት አይደለም። «ባንክ የሚከፍለው 7 በመቶ ነው። ዕቃ በዓመት ስንት ይጨምራል? ዶላሩ እንኳ ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ነበር፣ አሁን ከ120 አልፏል። ብሩ ቆሞ ከሚሟሟ ሲሚንቶ ወይ በግ ልግዛበት» አለ። እውነቱን ነው። 2014 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ ከብሩ አቅም ብዙ አጥቷል። የጥቁር ገበያ ዶላር ግን ሕገ ወጥ ነው፣ ሊወረስም ይችላል። በግ ይሞታል። ሲሚንቶ ይደርቃል። ከሁሉ በላይ ግን እናትህ ሌሊት ሲታመሙ በግ ገዢ አታገኝም አልኩት።

ነገሩ ግልጽ የሆነለት እንዲህ ስለው ነው፦ ይህ ገንዘብ ለማትረፍ አልተቀመጠም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመድረስ ነው የተቀመጠው። በዋጋ ንረት የሚያጣው ነገር አለ፤ ያ የዋስትናው ዋጋ ነው። አራጣው በአራት ክፍያ ብቻ 15,000 በልቷል፤ 26,000 ብር ባንክ ተቀምጦ በዓመት ያን ያህል አያጣም። ባንኩ ቢወድቅስ ለሚለው ደግሞ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ሒሳቡን በሁለቱም ስም ከፈቱት። ይህን ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ከሁለት አንዱ ከሌለ፣ ከታመመ ወይ ሐይቁ ላይ ከቀረ፣ ሌላው ብር እያለው እንዲራብ አልፈልግም።

ግባቸው የሦስት ወር ወሳኝ ወጪ ነው። ኪራይ፣ ምግብ፣ ትምህርት፣ ትራንስፖርት፣ ዕቁብና ዕድር ተደምሮ 18,600 ነው፤ በሦስት ሲባዛ 55,800። ለደሞዝተኛ አንድ ወር ሊበቃ ይችል ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴን በዝናብና በማዕበል ለሚያሳልፍ ቤት ከሦስት ቢያንስ አልወድም።

አንድ ነገር ላይ እኔ ተሳስቼ ነበር። «ሰው ሰጠሁ» የሚለውን 1,300 ብር ቀንሱት ብያቸው ነበር። መምህሯ እምቢ አለች። ከዚያ ውስጥ 700ው ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሌላው ለጎረቤት፣ ለታመመ መጠየቂያ። «ጋሼ፣ ያ 9,700 ከየት የመጣ መሰልዎት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሰው የመጣ ነው፣ እነሱ ሲሰጡት ከኖሩት ሰው። ያ መስመር እስከ ዛሬ አልተነካም።

የእናትየው ነገር ደግሞ ያናድደኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ነበራቸው። በየዓመቱ መታደስ ያለበት ነው። ሁለት ዓመት ሳይታደስ ቀርቷል፤ እናት ረስተዋል፣ ልጅም አላስታወሰም። ቢታደስ የግል ሆስፒታሉን አይከፍልላቸውም ነበር። ግን ሕመሙ ገና ሲጀምር «ብር የለኝም» ብለው ቤት ባልተኙ፣ ቀድመው በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል በደረሱ ነበር። አሁን የእድሳቱ ቀን ደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ ተረት አልሄደም። ለፋሲካ ሥራ ነበረና 5,000 ጨመሩ፤ 31,000 ሆነ። ክረምቱ ግን ከፋ። በሐምሌና ነሐሴ ለኪራይና ለጤፍ 9,000 አወጡ። እሱ ተስፋ ቆርጦ «ያው አለቀ» አለኝ። አላለቀም፣ ሥራውን ሠራ እንጂ፤ በዚያ ክረምት ከማንም አልተበደሩም፣ ዱቤም አልያዙም። ከጥቅምት ወዲህ 13,500 መልሰዋል። ዛሬ 35,500 አለ። መምህሯ ከዘጌ በባሏ ጀልባ ቡና እያስመጣች፣ ቆልታ በግማሽ ኪሎ እያሸገች ለትምህርት ቤት ባልደረቦቿ ትሸጣለች። በወር ከ900 እስከ 1,400 ይተርፋታል፤ ምንም የማይተርፍበት ወርም አለ። የመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ገብታ በወር 500 ትቆጥባለች፤ ቢቸግር የቆጠበችውን እጥፍ በደህና ወለድ መበደር ትችላለች። ዘንድሮ ጥር ላይ ጤፍ ሲረክስ ግማሽ ኩንታል ገዝተው አስቀመጡ። ለእኔ ይህ ከብዙ አክሲዮን የሚሻል ኢንቨስትመንት ነው፤ ነሐሴ ላይ በኪሎ ከሚገዛ ሰው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የራሳቸው ትርፍ ነው።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ጀልባዋ ኢንሹራንስ የላትም። መምህሯ ከደሞዟ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ እየጨመረ ጡረታ ይጠራቀምላታል፤ እሱ ግን 41 ዓመቱ ነው፣ ለእርጅናው ከጀልባዋ ሌላ ምንም የለውም።

መጋቢት 2018 ዕቁቡ ያልቃል። በወር 3,000 ብር ነፃ ይወጣል። እሱ መጠባበቂያው እንደሞላ አክሲዮን መጀመር ይፈልጋል፣ ሐሳቡን አልጣለም። እሷ አዲሱ ዕቁብ ውስጥ መግባት ትፈልጋለች። ባለፈው ኅዳር ያቺ ተራዋን የለቀቀችላት ሽንኩርት ነጋዴ ባሏ ታመመባት፣ መጠየቅ አፍራ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። መምህሯ ናት ሄዳ እጇን ይዛ እትዬ ዘንድ ያደረሰቻት። እሑድ ዕጣው ሳይጣል ብሩ ተሰጣት።